የአነስተኛ ሞጁላር ሪአክተር የፈቃድ ችሎት፦ ተራ ነዋሪ ምን ይዞ ይቅረብ?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ካናዳ፣ ኦንታሪዮ፣ ክላሪንግተን አጠገብ ነው። ዳርሊንግተን ላይ ለሚሠራው አነስተኛ ሞጁላር ሪአክተር (ክፍሎቹ ሌላ ቦታ ተሠርተው መጥተው ለሚገጣጠሙለት አነስተኛ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ) የግንባታ ፈቃድ በ2025 ተሰጥቷል። ለቀሪዎቹ ሪአክተሮችና ለሥራ ማስጀመሪያው ፈቃድ ሌላ የሕዝብ ችሎት እንደሚኖር ሰምቻለሁ። መሐንዲስ አይደለሁም፣ ጠበቃም የለኝም። ችሎቱ እንዴት ነው የሚካሄደው? ተራ ሰው የሚናገረው ነገር ውሳኔውን ይነካል ወይስ ለይስሙላ ነው?»

ምላሽ፦

ይነካል፤ የሚነካው ግን ብዙ ሰው በሚያስበው በኩል አይደለም። አዳራሹ ውስጥ ደጋፊና ተቃዋሚ ተቆጥሮ ብልጫ ያገኘው አያሸንፍም። መቶ ሰው ተሰልፎ «አንፈልግም» ቢል፣ ሌላ መቶ ሰው «ሥራ ያመጣልናል» ቢል ውሳኔው ላይ የሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው። ነዋሪ እጁን ሊያስገባ የሚችለው ከፈቃዱ ጋር በሚለጠፉት ሁኔታዎች ላይ ነው፦ ምን ሳይረጋገጥ ምን እንዳይሠራ፣ የትኛው ሥራ የት ላይ ቆሞ እንዲጠብቅ፣ ምን በየስንት ጊዜው ለሕዝብ እንዲገለጽ። ለዚህ ምህንድስና መማር የግድ አይደለም። ሰነድ በጥሞና ማንበብና ጥያቄን ከትክክለኛው ገጽ ጋር ማያያዝ ግን የግድ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሚወስን እንለይ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «የካናዳ የኑክሌር ደህንነት ኮሚሽን» የሚለው ስም ሁለት ነገር ይሸፍናል። አንደኛው በመንግሥት የሚሾሙት ኮሚሽነሮች ናቸው፤ ቋሚዎቹ ቢበዛ 7 ሲሆኑ የዳኝነት መሰል ሥልጣን አላቸው፣ እንዲህ ያለውን ፈቃድ የሚሰጡትም የሚከለክሉትም እነሱ ናቸው። ሁለተኛው የኮሚሽኑ ባለሙያዎች ናቸው፤ መሐንዲሶች፣ የጨረር መከላከያ ሰዎች፣ የአካባቢ ሳይንቲስቶች። ባለሙያዎቹ ማመልከቻውን ለረጅም ጊዜ ሲመረምሩ ይቆዩና «በእነዚህ ሁኔታዎች ይሰጠው» ወይም «አይሰጠው» ብለው ለኮሚሽነሮቹ ይጽፋሉ። ስለዚህ ችሎቱ ላይ ባለሙያዎቹ ከአመልካቹ ጋር ሲስማሙ ቢሰሙ «ዳኛው ወገን ለየ» ብለው አይደምድሙ። የሚናገሩት ዳኞቹ አይደሉም። የእርስዎም ጠበቃ ግን አይደሉም፤ ሰነድዎን አንብበው ጥያቄዎን ያጠናክሩልኛል ብለው አይጠብቁ።

ኮሚሽነሮቹ የሚመልሱት ሁለት ጥያቄ ነው፤ ሁለቱም በኑክሌር ደህንነትና ቁጥጥር ሕጉ አንቀጽ 24(4) ተጽፈዋል። አመልካቹ ፈቃድ የጠየቀበትን ሥራ ለመሥራት ብቁ ነው ወይ? ሥራውን ሲሠራስ አካባቢን፣ የሰውን ጤናና ደህንነት፣ የአገር ጸጥታን ለመጠበቅ፣ ካናዳ የገባቻቸውን ዓለም አቀፍ ግዴታዎችም ለመፈጸም በቂ ዝግጅት ያደርጋል ወይ? ይኸው ነው። የመብራት ዋጋ፣ ንፋስና ፀሐይ ይሻል ነበር ወይ፣ ክፍለ ሀገሩ ይህን ንድፍ ለምን መረጠ የሚሉት በዚህ ሚዛን ላይ አይወጡም። ፈቃዱ ከተሰጠ ከአንድ ወር በኋላ፣ ሜይ 8 ቀን 2025፣ ለ4ቱ ሪአክተሮች 20.9 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር የሚፈጀውን ዕቅድ ያጸደቀው የኦንታሪዮ መንግሥት እንጂ ኮሚሽኑ አይደለም። በችሎቱ ለመናገር ከሚሰጥዎት 10 ደቂቃ ላይ ግማሹን በዋጋ ካጠፉት አብዛኛውን ጊዜ ማንም አያቋርጥዎትም፤ በትሕትና ይሰማሉ፣ ውሳኔው ላይ ግን «ከኮሚሽኑ ሥልጣን ውጭ ነው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል።

ሁለተኛው የስህተት ምንጭ ደረጃ ማምታታት ነው። በካናዳ አንድ ሪአክተር በአንድ ፈቃድ አይሠራም። ቦታ የማዘጋጀት፣ የመገንባት፣ ሥራ የማስጀመር፣ በመጨረሻም የማፍረስ ፈቃድ እያለ በየደረጃው ይሄዳል፤ በአንዱ ደረጃ የተዘጋ ጥያቄ በሚቀጥለው ላይ ቢነሳ የመደመጥ ዕድሉ ጠባብ ነው። ዳርሊንግተንን ብንወስድ የአመልካቹ፣ የክፍለ ሀገሩ ኤሌክትሪክ አምራች የኦንታሪዮ ፓወር ጄኔሬሽን፣ የቦታ ዝግጅት ማመልከቻ የገባው በ2006 ነው። የፌዴራል መንግሥትና ኮሚሽኑ ያቋቋሙት የጋራ ገምጋሚ ጉባኤ በ2011 ችሎት ተቀምጦ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውን ጨረሰ፤ የቦታ ፈቃዱ በ2012 ተሰጠ፣ በ2021 ታደሰ። ልብ ይበሉ፦ ግምገማው ሲሠራ የትኛው ሪአክተር እንደሚመጣ አልተወሰነም ነበር። ስለዚህ «ልቀቱ ከዚህ አይበልጥም፣ የሚጠቀመው ውሃ ከዚህ አይበልጥም» የሚሉ የጣሪያ ቁጥሮች ተደርድረው ግምገማው በእነዚያ ላይ ቆመ። ቢ.ደብሊው.አር.ኤክስ-300 የተባለው የጂ.ኢ. ሂታቺ ንድፍ የተመረጠው በዲሴምበር 2021 ነው፤ በግምገማው ጊዜ ከታዩት ዓይነቶች መካከል አልነበረም። «ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ ግምገማ ለዚህ አዲስ ንድፍ ይሠራል ወይ?» የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ ነገር ግን ለብቻው በጃንዋሪ 2024 ችሎት ተሰምቶ፣ በኤፕሪል 2024 «ይሠራል» ተብሎ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ የግንባታው ችሎት መጣ፦ የመጀመሪያው ክፍል ኦክቶበር 2 ቀን 2024፣ ሁለተኛው ክፍል በጃንዋሪ 2025። በዚህኛው ላይ «ግምገማው አርጅቷል» ብሎ ብቻ የሚቀርብ ሰው የተዘጋ በር ነው የሚያንኳኳው። «ግምገማው የያዘው ጣሪያ ይህ ነው፣ አሁን በቀረበው ዝርዝር ንድፍ ግን ቁጥሩ ይህ ሆኗል» ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አዲስ መረጃ ይዞ መጥቷል።

ውሳኔው ኤፕሪል 4 ቀን 2025 ወጣ። ፈቃዱ ለአንድ ሪአክተር ብቻ ነው፣ እስከ ማርች 31 ቀን 2035 ይጸናል፣ ነዳጅ መጫንንም አይፈቅድም። ለተቀሩት ሪአክተሮች ግንባታ፣ እንዲሁም ለመጀመሪያው ሥራ ማስጀመሪያ፣ አዲስ ማመልከቻ መቅረብ አለበት። እርስዎ መዘጋጀት ያለብዎት ለእነዚህ ነው።

አሁን ወደ ሰነዶቹ። ለኮሚሽነሮቹ የሚቀርበው እያንዳንዱ ጽሑፍ ሲ.ኤም.ዲ. (የኮሚሽን አባላት ሰነድ) የሚባል ቁጥር አለው። የዳርሊንግተኑ የግንባታ ችሎት መለያ 24-ኤች3 ነበር፤ 24 ዓመቱ፣ ኤች3 የዚያ ዓመት ሦስተኛው የችሎት ጉዳይ ማለት ነው። ባዶው ቁጥር የባለሙያዎቹ ሰነድ ነው፣ ነጥብ 1 የአመልካቹ፣ ከነጥብ 2 ጀምሮ ያሉት የጣልቃ ገቦች። (ጣልቃ ገብ ማለት እንደ ፍርድ ቤቱ ሁሉ፣ አመልካች ሳይሆን ጉዳዩ ያገባኛል ብሎ የሚቀርብ ሰው ነው።) ሁሉም በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ይለጠፋሉ ወይም ሲጠየቅ ይላካሉ።

ብዙ ሰው ከአመልካቹ ሰነድ ይጀምራል፤ ያ ስህተት ነው። የአመልካቹ ጽሑፍ የተጻፈው ለማሳመን ነው፣ ገጹም ብዙ ነው። ከባለሙያዎቹ ሰነድ ይጀምሩ፤ እሱንም ከመጨረሻው። መጨረሻው ላይ የታቀደው የፈቃድ ረቂቅና የፈቃድ ሁኔታዎች መመሪያው ተያይዘው ይገኛሉ። ረቂቁ አጭር ነው፣ አንድ ምሽት አይፈጅም። መመሪያው ደግሞ እያንዳንዱ ሁኔታ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ፣ የትኛው የቁጥጥር ሰነድ እንደሚለካው ይዘረዝራል። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰው ባለሙያዎቹ 14 የደህንነትና የቁጥጥር ዘርፎችን አንድ በአንድ የገመገሙበትን ያንብቡ፦ የአስተዳደር ሥርዓት፣ የሰው ኃይል፣ የደህንነት ትንተና፣ የንድፍ ጥንካሬ፣ የጨረር መከላከል፣ ቆሻሻ፣ የአደጋ ጊዜ ዝግጅት እያለ ይሄዳል። ሁሉንም አያንብቡ። ሁለት ወይም ሦስት ይምረጡ።

ሲያነቡ እርሳስዎን የሚያቆሙባቸው ቃላት አሉ፦ «ተጨማሪ መረጃ ይጠበቃል»፣ «በዝርዝር ንድፍ ጊዜ ይረጋገጣል»፣ «አመልካቹ ለማቅረብ ቃል ገብቷል»። የግንባታ ፈቃድ የሚጠየቀው ንድፉ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ነው፤ ይህ ሕገ ወጥ አይደለም፣ የሁሉም አገር ልማድ ነው። ጥያቄው ያላለቀው ነገር መቼ ነው የሚያልቀው፣ እስከዚያስ ምን እንዳይሠራ ነው የታሰረው የሚለው ነው። ማሰሪያው የማቆያ ነጥብ ይባላል።

በዳርሊንግተኑ ፈቃድ ላይ 3 የማቆያ ነጥቦች አሉ። አንደኛው የሪአክተሩ ሕንጻ መሠረት ከመጣሉ በፊት፣ ሁለተኛው ነዳጁን የሚይዘው የሪአክተሩ የግፊት ጋን ከመገጠሙ በፊት፣ ሦስተኛው ነዳጅ ሳይገባ የሚደረገው ፍተሻ ከመጀመሩ በፊት። አቀማመጣቸው በዘፈቀደ አይደለም። የቢ.ደብሊው.አር.ኤክስ-300 ሪአክተር ሕንጻ አብዛኛው ክፍሉ ከመሬት በታች ነው፤ ጉድጓዱ ወደ 35 ሜትር ግድም ይወርዳል። ከሥሩ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ «የመሬት መንቀጥቀጥ ስሌቱ ይስተካከል» ማለት ሕንጻውን አፍርሶ እንደ መሥራት ነው። ጋኑ ቦታው ከገባ በኋላ ደግሞ ስለ ጋኑና ስለ ውስጠኛው ክፍል የሚነሳ የንድፍ ለውጥ ሁሉ ዋጋው ይንራል። እያንዳንዱ ነጥብ ወደ ኋላ መመለስ የሚከብድበት ደጃፍ ላይ ነው የተቀመጠው።

ነጥቦቹን የማንሳት ሥልጣን ግን ለኮሚሽኑ አንድ ከፍተኛ ኃላፊ በውክልና ተሰጥቷል። ለእያንዳንዱ ነጥብ እንደገና የሕዝብ ችሎት አይጠራም። ስለዚህ «ነጥብ ይቀመጥ» ማለት አይበቃም፤ ለማንሳት የሚያስፈልገው ማስረጃ ተዘርዝሮ ይጻፍ፣ ማጠቃለያው ከመነሳቱ በፊት ለሕዝብ ይውጣ፣ የቀደምት ሕዝቦችም (የካናዳ ነባር ተወላጆች) አስቀድመው ይወቁት ብሎ መጠየቅ ነው ፍሬ ያለው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ኮሚሽነሮች ለመቀበል የሚቀላቸው ዓይነት ነው፤ ፈቃዱን ሳይነካ ግልጽነቱን ያጠነክራል።

ደካማና ጠንካራ ጽሑፍ ምን እንደሚመስል ላሳይ። ደካማው፦

«ሪአክተሩ በአደጋ ጊዜ መቆም አለመቆሙ ያሳስበኛል። ፉኩሺማን አይተናል። ፈቃዱ ይከልከል።»

ስሜቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ኮሚሽነር ግን በዚህ ላይ ተመሥርቶ ባለሙያን የሚጠይቀው ነገር የለውም። ጠንካራው፦

«የኮሚሽኑ የንድፍ መመሪያ ሬግዶክ 2.5.2 ሪአክተሩን የሚያጠፉ ሁለት የተለያዩ፣ አንዱ ከሌላው ነጻ የሆኑ፣ በአሠራርም የማይመሳሰሉ መንገዶች እንዲኖሩ ይጠይቃል። በአመልካቹ ሰነድ ገጽ እንዲህ ላይ እንደተገለጸው አንደኛው መንገድ የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹን በውሃ ግፊት ያስገባል፤ ሁለተኛው እነዚያኑ ዘንጎች በኤሌክትሪክ ሞተር ያስገባል። የሚገፋው ኃይል ሁለት ነው፣ ዘንጉ ግን አንድ ነው። ዘንጎቹ ወይም የሚገቡበት ቦይ ቢጣመም ሁለቱም በአንድ ምክንያት ሊሰናከሉ ይችላሉ ወይ? ባለሙያዎቹ ይህን እንዴት እንደመዘኑት እንዲጠየቁልኝ እፈልጋለሁ። ፈቃዱ የሚሰጥ ከሆነ ቀሪው ትንተና የግፊት ጋኑ ከመገጠሙ በፊት እንዲጠናቀቅና ማጠቃለያው እንዲታተም እጠይቃለሁ።»

ልዩነቱን ያስተውሉ። መለኪያው ተጠቅሷል፣ ገጹ ተጠቅሷል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በተራ ቋንቋ ተነግሯል፣ የሚጠየቀው ነገር ሊፈጸም የሚችል ነው። አመልካቹ ለዚህ መልስ ይኖረዋል፤ ይኑረው። መልሱ ቃለ ጉባኤ ላይ ሲሰፍር ቃል ይሆናል፣ በሥራ ማስጀመሪያው ችሎት ላይም «ያኔ እንዲህ ብላችሁ ነበር» ማለት ይቻላል። «ፈቃዱ የሚሰጥ ከሆነ» የሚለውን ሐረግ እንደ መሸነፍ አይዩት፤ ፈቃዱን አጥብቀው የሚቃወሙ ሰዎችም ሊጠቀሙበት ይገባል። አለበለዚያ ኮሚሽኑ ፈቃዱን ሲሰጥ ከጽሑፍዎ የሚወስደው አንድም ነገር አይኖርም።

ለጥያቄ የሚሆኑ መለኪያዎች እዚያው ሬግዶክ 2.5.2 ውስጥ አሉ፣ ቁጥራቸውም ለማስታወስ ቀላል ነው። የሪአክተሩ እምብርት (ነዳጁ ያለበት ክፍል) የሚጎዳበት አጋጣሚ በ100,000 የሪአክተር ዓመት (አንድ ሪአክተር አንድ ዓመት ሲሠራ አንድ ይባላል) ከ1 ጊዜ በታች መሆን አለበት፤ ከፍተኛ ልቀት ያለው አደጋ ደግሞ በ1,000,000 ከ1 በታች። በንድፍ የታሰበ አደጋ ቢደርስ አጥሩ ጋ ያለ ሰው ከ20 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) በላይ እንዳይደርሰው፣ በሥራ ዘመኑ ሊያጋጥም በሚጠበቅ መለስተኛ ብልሽት ደግሞ ከ0.5 በላይ እንዳይደርሰው ይጠይቃል። በመደበኛ ሥራ ለሕዝብ የተቀመጠው የዓመት ጣሪያ 1 ሚሊሲቨርት ነው። አመልካቹ «እጅግ አስተማማኝ ነው» ካለ፣ ከእነዚህ ቁጥሮች በስንት እጥፍ እንደሚያንስ፣ ስሌቱ ውስጥስ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍ፣ እሳትና አጠገቡ ያለው ባለ 4 ሪአክተር ጣቢያ ተካተው እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ንድፉ ከጎረቤቱ ጣቢያ የሚለይበትን ማወቅም ጥያቄ ይሰጣል። ካንዱ የተባሉት የካናዳ ንድፍ ነባር ሪአክተሮች ያልበለጸገ ዩራኒየም ነው የሚያነዱት፤ ይህኛው የበለጸገ ይጠቀማል። ስለዚህ ያገለገለው ነዳጅ አያያዝ፣ ማከማቻውና ማጓጓዣው ከነባሩ የተለየ ነው፣ «ለ30 ዓመት ስናደርገው የኖርነው ነው» የሚለው መልስ በቂ አይሆንም። በካንዱ እንፋሎቱ የሚፈላው በተለየ ዑደት ነው፤ እዚህ ግን እምብርቱ ውስጥ የፈላው ውሃ እንፋሎቱ በቀጥታ ተርባይን ይገባል፣ ስለዚህ የተርባይን አዳራሹ የጨረር መከላከያ ጉዳይ ይሆናል። ውሃው በፓምፕ ሳይሆን በተፈጥሯዊ ዝውውር ነው የሚንቀሳቀሰው። ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ከላይ ባለው ገንዳ ውስጥ የተነከሩት የእንፋሎት ማቀዝቀዣዎች ያለ ሰው እጅ ለ7 ቀን ሙቀቱን ያወጣሉ ይባላል። ጥሩ ንድፍ ነው። ጥያቄው 8ኛው ቀን ላይ ነው፦ ገንዳውን ማን፣ በምን መሣሪያ፣ በየትኛው መንገድ መጥቶ ይሞላዋል? ያ መሣሪያ የት ይቀመጣል? ክረምት ላይስ ተፈትኗል?

«ሞጁላር» የሚለው ቃልም በባዶ የሚታለፍ አይደለም። ክፍሎቹ ሌላ ቦታ ተሠርተው ይመጣሉ። የሪአክተሩ ሕንጻ ግድግዳ በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል ኮንክሪት ተሞልቶ የሚሠራ ነው፤ ሰሌዳዎቹ ራሳቸው ቅርጽ ሰጪ ስለሆኑ እንደ ተለመደው ግድግዳ እንጨቱ ተነቅሎ ኮንክሪቱ አይታይም። ውስጡ ክፍተት ቢቀር በዓይን የሚያገኘው የለም። እንግዲህ ብየዳውን ፋብሪካው ውስጥ ማን ይመረምራል፣ የሙከራ ናሙና ተሞልቶ ተቆርጦ ታይቷል ወይ፣ ከተሞላ በኋላ በምን መሣሪያ ይፈተሻል፣ ጉድለት ከተገኘ ጥገናው እንዴት ነው? ይህን ለመጠየቅ ግንበኛ መሆን ይበቃል።

ነዋሪ ከሁሉም በላይ የሚያውቀው ግን የራሱን አካባቢ ነው። በጣቢያው 10 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ላሉ ቤቶች የፖታሲየም አዮዳይድ ክኒን (በአደጋ ጊዜ ታይሮይድ ዕጢን ከጨረር የሚከላከል) አስቀድሞ ይታደላል፤ ተከራይ ሲቀያየርስ? እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ለማያነብ ቤተሰብ መመሪያው በምን ቋንቋ ነው የሚደርሰው? የግንባታ መኪና በሚበዛባቸው ሰዓቶች ለመልቀቂያ የታቀደው መንገድ ምን ይመስላል? የሐይቁ ዳር ገደል ላይ ጎጆ የሚቆፍሩ ወፎች ጉዳይ ከጋራ ጉባኤው ጊዜ ጀምሮ ሲነሳ የኖረው አካባቢውን የሚያውቁ ሰዎች ስለጻፉበት ነው። ፎቶ፣ ቀንና ቦታ ያለው የአንድ ነዋሪ ምልከታ ባለሙያው በኮምፒውተር ካሰላው ጋር ሲጋጭ፣ ማብራሪያ የሚሰጠው ባለሙያው ነው። የአደጋ ጊዜ ዕቅድ የክፍለ ሀገሩና የዱራም አካባቢ አስተዳደር ሥራ ስለሆነ ወኪሎቻቸው ችሎቱ ላይ ተገኝተው ይጠየቃሉ፤ ጥያቄዎ ለእነሱ የሚሆን ከሆነ ጽሑፉ ላይ በግልጽ ይጻፉት፣ መልሱን ይዘው እንዲመጡ።

አቀራረቡ እንዲህ ነው። ችሎቱ ቢያንስ 60 ቀን ቀድሞ በማስታወቂያ ይገለጻል። ጣልቃ ለመግባት ሁለት በር አለ፦ ጉዳዩ ይመለከተኛል ማለት፣ ወይም ለውሳኔው የሚጠቅም ዕውቀት ወይም መረጃ አለኝ ማለት። ለአካባቢው ነዋሪ የመጀመሪያው ይበቃዋል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ጽሑፉ እንደ ደንቡ ችሎቱ ከመጀመሩ ቢያንስ 30 ቀን በፊት ይገባል፤ ችሎቱ ሁለት ክፍል ሲሆን የሚቆጠረው ከሁለተኛው ክፍል ነው። ማስታወቂያው የተለየ ቀን ካስቀመጠ የሚሠራው ያኛው ነው። በጽሑፍ ብቻ መሆኑን ወይም በቃልም መናገር እንደሚፈልጉ እዚያው ያመልክቱ፤ በኋላ ልጨምር ማለት ያስቸግራል። ጽሑፉ ይፋ ሰነድ ስለሚሆን የቤት አድራሻና ስልክ በዋናው ጽሑፍ ውስጥ አያስገቡ።

ገንዘብ የሚያስፈልግ ከሆነ ከ2011 ጀምሮ ያለ የተሳታፊዎች ድጋፍ አለ። ነጻ ኮሚቴ ያየዋል፤ ለባለሙያ ክፍያ፣ ለጉዞ፣ ለሰነድ ምርመራ ይውላል። እዚህ ላይ ሰዎች የሚወድቁበት ጊዜው ነው፦ የድጋፉ ማመልከቻ የሚዘጋው ጽሑፍ ከማስገቢያው ቀን ብዙ ቀድሞ ነው። ችሎቱ ሲታወጅ ስለ ድጋፉ ማሰብ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ሦስት አራት ጎረቤት ሆኖ አንድ ገለልተኛ መሐንዲስ ቀጥሮ አንድ ርዕስ ማስመርመር እያንዳንዱ ለየብቻ ሁሉንም ከመንካት ይሻላል።

ዕለቱ ራሱ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ክፍል አመልካቹና ባለሙያዎቹ ያቀርባሉ፣ ኮሚሽነሮች ይጠይቃሉ፤ እርስዎ አይናገሩም፣ ግን በቀጥታ ስርጭት ይከታተሉ። የትኛው ኮሚሽነር በምን ላይ እንደጨከነ፣ የትኛው መልስ «በኋላ እናቀርባለን» እንደተባለ ይመዝግቡ። ሁለተኛው ክፍል የእርስዎ ነው። በቃል ለሚቀርብ ጣልቃ ገብ የተለመደው 10 ደቂቃ ነው፣ ከዚያ በኋላ ኮሚሽነሮች ያሻቸውን ያህል ይጠይቃሉ። አመልካቹን በቀጥታ መስቀለኛ ጥያቄ መጠየቅ አይፈቀድም፤ ሁሉም በሰብሳቢው በኩል ነው። ጽሑፍዎን አያንብቡ፣ ኮሚሽነሮቹ አንብበውት ነው የሚመጡት። ሁለት ነጥብ ብቻ መርጠው፣ እያንዳንዱን ኮሚሽነር ዞር ብሎ ባለሙያውን በሚጠይቅበት ዓረፍተ ነገር ይጨርሱ። ዋናው ጊዜ 10 ደቂቃው ሳይሆን ከሱ በኋላ የሚመጣው ጥያቄና መልስ ነው፤ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። የማያውቁትን ሲጠየቁ «አላውቅም፣ ስለዚህ ነው ባለሙያው እንዲመልስ የፈለግሁት» ማለት አያሳፍርም። ግምትን እንደ እውነት መናገር ግን ቀሪውን ጽሑፍዎንም ያሳንሳል።

የቀደምት ሕዝቦች ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ቦታው በዊሊያምስ ስምምነቶች ክልል ውስጥ ነው፤ 7ቱ የስምምነቱ ባለመብት ሕዝቦች እንደ ተራ ጣልቃ ገብ ሳይሆኑ ሕገ መንግሥታዊ የምክክር መብት ያላቸው ናቸው። በእነሱ ስም አይናገሩ፤ ጽሑፎቻቸውን ግን ያንብቡ፣ ስለ ሐይቁና ስለ ዓሣው ከሌላው ሰነድ የማይገኝ ብዙ ነገር አለበት።

ውሳኔው በጽሑፍ ከነምክንያቱ ይወጣል። በይዘቱ ላይ የሚባል ይግባኝ የለም፤ ያለው በ30 ቀን ውስጥ ለፌዴራል ፍርድ ቤት የሚቀርብ የዳኝነት ክለሳ ነው። ፍርድ ቤቱ «እኔ ብሆን ምን እወስን ነበር» አይልም፤ ውሳኔው ምክንያታዊ ነበር ወይ፣ ሥርዓቱ ተጠብቋል ወይ ነው የሚያየው። የዳርሊንግተኑ የቀድሞ የአካባቢ ግምገማ ራሱ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፦ በ2014 ፌዴራል ፍርድ ቤቱ የአደገኛ ኬሚካል ልቀት፣ ያገለገለ ነዳጅና ከባድ አደጋ በበቂ አልታዩም ብሎ ሻረው፤ በ2015 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ መልሶ አጸናው። ከዚያ የሚወሰደው ተግባራዊ ነገር ይህ ነው፦ ክለሳው የሚመለከተው በመሠረቱ ኮሚሽኑ ፊት የነበረውን ሰነድ ነው። በችሎቱ ጊዜ ያላስገቡትን ማስረጃ በኋላ ፍርድ ቤት ይዘው ቢሄዱ አይቀበሉዎትም።

በኢንተርኔት የሚያገኟቸው ብዙ ምክሮች የአሜሪካን ሥርዓት ነው የሚያወሩት፤ አያምታቱት። ያው ንድፍ በቴነሲ፣ ክሊንች ሪቨር ላይም ማመልከቻ ቀርቦበታል፤ እዚያ ግን ተከራካሪ ለመሆን የሚፈልግ ሰው ማስታወቂያው ከወጣ በ60 ቀን ውስጥ ጉዳዩ እንደሚነካው አሳይቶ፣ ቢያንስ አንድ ተቀባይነት ያለው የክርክር ነጥብ በማስረጃ አስደግፎ ማቅረብ አለበት፣ አለበለዚያ በሩ ይዘጋል። የካናዳው በር ሰፊ ነው፤ በምትኩ መስቀለኛ ጥያቄ የለም።

ለሥራ ማስጀመሪያው ፈቃድ ከአሁኑ መያዝ ያለብዎት የ2025ቱን ውሳኔና የችሎቱን ቃለ ጉባኤ ነው። ቃለ ጉባኤውን ከፍተው አመልካቹ ወይም ባለሙያው «እናደርጋለን» ያለበትን ቦታ ሁሉ በገጽ ቁጥር ይዘርዝሩ። በሥራ ማስጀመሪያው ጊዜ የመጨረሻው የደህንነት ትንተና፣ የፍተሻ ውጤቶች፣ የመቆጣጠሪያ ክፍል ሠራተኞች ሥልጠናና ፈተና፣ የነዳጅ ማከማቻው ይቀርባሉ። ዝርዝርዎን ከእነሱ ጎን አስቀምጠው፣ ፊት ለፊት ምንም መልስ ያልተጻፈለት መስመር ካገኙ ጽሑፍዎን ከዚያ መስመር ይጀምሩ።